ጠበቅ አድርገው

ደባርቅ ውስጥ ሞተር የሚፈታ ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሞተር የሚያውቅ ሰው ግን ከተማው ሙሉ ነው። ጸበል ተጠምቆ የሚመለሰው ሳይቀር ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆም ይልና፣ «ላቀው፣ ጠበቅ አድርገው እንጂ!» ይለኛል።

የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ዘይት ያፈስሳል። የሚያፈስሰው ከሞተሩ አናት፣ ከቫልቩ ክዳን ሥር ነው። ዘይቱ የወፍጮውን ድንጋይ በሚያዞረው ቺንጋ ላይ ይንጠባጠባል፣ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ድንጋዩ ይቆማል። ክዳኑ ሥር ገብቶ ዘይቱን የሚያግደውን ጋስኬት ደጋግሜ ቀየርሁ። ስቀይረው ደረቅ ነው፤ ሰንብቼ ስመጣ ሞተሩ ቅቤ እንደ ተቀባ ጸጉር ያብለጨልጫል። ከጎንደር ይመጣል የተባለው ደኅና ጋስኬት ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ፤ እኔም ከቡሽ እየቆረጥሁ እሠራለሁ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ማዕረግ ደግሞ ሽጉጡን ቀበቶው ላይ እያስተካከለ፣ «ይኼ ነገር አሻጥር እንዳይሆን» ይለኛል። አሻጥር! ቡሽ አድማ የሚመታ ይመስል።

ሐሙስ ዕለት ስደርስ እመት ሸጊቱ ጤፍ ከተጫነች አህያቸው አጠገብ ቆመዋል። ከሊማሊሞ አፋፍ የመጡ፣ ባላቸው በቅርቡ የሞቱባቸው ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ተዝካሩ እሑድ ነው» አሉኝ። «ዛሬ ካልተፈጨልኝ ቡኮው አይደርስም። ካህናቱን ጠርቻለሁ። የሟች ስም ይጠራልኝ ብዬ ባዶ መሶብ ላቅርብ?»

ክዳኑን ልፈታ ብል ብሎኖቹ እንቢ አሉኝ። በሁለት ጣቴ ያጠበቅኋቸው ብሎኖች! መፍቻው ላይ ተንጠልጥዬ ነው የፈታኋቸው። ቡሹ ተጨፍልቆ ተሰነጣጥቋል፤ ክዳኑም ተጣምሟል።

«ማን ነው የነካው?» ብዬ ጮህሁ።

«እኔ ነኛ» አሉ አያ ቢራራ፣ ምንም ሳያፍሩ። አያ ቢራራ የወፍጮው ጠባቂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበየዳ እስከ ዛሪማ በቅሎ ሲጭኑ የኖሩ ሰው። «በየጧቱ አጠብቀዋለሁ። በቅሎ ስትጫን ሆዷን ነፍታ ነው የምትቆም። ጥቂት ስትሄድ ጠፍሩ ይላላል። ያን ጊዜ መልሰህ ካልሳብኸው ጭነቱ ገደል ነው። ሞተርም ሲሞቅ ሲበርድ ያው ነው ብዬ።»

«ይሄ እኮ ጠፍር አይደለም፣ አያ ቢራራ! በጠበቀ ቁጥር ቡሹ ይሰነጠቃል፤ በተሰነጠቀ ቁጥር ያፈስሳል!»

«ሲያፈስስ ባየሁ ጊዜማ ጨምሬ አጠበቅሁት። አንተ ቸኩለህ የሠራኸው መስሎኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?»

ራሴን ከግድግዳ ጋር ላጋጨው ምንም አልቀረኝ።

የቀረችኝ ቡሽ አንዲት ናት። ክዳኑን ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስተኝቼ በእንጨት መዶሻ አቃናሁት፤ የአሮጌውን ቡሽ ቅሪት በቢላ ፋቅሁ፤ ሁለቱንም ፊት በቤንዚን አጥቤ አደረቅሁ፤ ቡሿን በስሱ ማስቲሽ ቀብቼ አስቀመጥሁ። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ከዚህ ጥቂት ከዚያ ጥቂት እያልሁ አጠበቅሁና ተውሁ። አያ ቢራራ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ያያሉ፤ እጃቸውን እንደሚበላቸው ያስታውቃል። ሞተሩን አስነሣነው። አንዲት ጠብታ የለም። እመት ሸጊቱ እልል ሊሉ ብለው፣ ሐዘን ላይ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ቺንጋውን ላጠልቅ ሞተሩን ሳጠፋ ጓድ ማዕረግ ገባ። ብሎኑን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«ይህን ነው ጠበቀ የምትለው? መፍቻውን አምጣ።»

«ጓድ፣ ልኩ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አይነካም።»

«አምጣ አልሁ! የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው።»

«ኧረ ጓድ፣ በቅሎ አይደለም እኮ» አሉ አያ ቢራራ።

መፍቻውን ከእጄ ነጠቀና ጥርሱን ነክሶ ሳበ። ቀጭ አለ። ክዳኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ቡሽ ቢሆን ለምኜም ፈልጌም እቆርጥ ነበር፤ ክዳን ከየት እቆርጣለሁ? ይህን ጊዜ ግን አሻጥር ያለ የለም።

አያ ቢራራ ሊፈጭ ገብቶ የነበረውን ጤፍ መልሰው ተሸክመው ወጡ። አህያዋ ላይ አኖሩት፣ ጠፍሩን ሳቡት፣ ጥቂት አስኬዷትና እንደገና ሳቡት። እዚህስ ማጥበቁ ልክ ነበር።

እመት ሸጊቱ በሩ ላይ ደርሰው ወደ ጓድ ማዕረግ ዘወር አሉ። ፊታቸው ላይ ፌዝ የለም፤ የደከማቸው ሰው ናቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ክንድዎ ብርቱ ነው። ቤቴ የእጅ ወፍጮ አለኝ፤ ይምጡና መጁን ይያዙልኝ» አሉት።

አህያዋ መንገድ ጀመረች። ጓድ ማዕረግ ቀና ሳይል መፍቻውን ዘረጋልኝ። እኔም አልተቀበልሁትም።