በሳሙና የታጠቡት ሴሎች

የላብራቶሪ ባለሙያዋ የዚያን ቀን ሥራውን ለባልደረባዋ ብትተውለት ምን ነበረበት? አይ፣ የእህቴ ልጅ ሴል በሌላ ሰው እጅ አይነካም ብላ ድርቅ አለች።

ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው። ኮሌስትሮል ሲባል ሰው ሁሉ ክፉ ነገር ብቻ ይመስለዋል እንጂ የሴልን ሽፋን አጽንቶ የያዘው እሱ ነው፤ ሽፋኑ ውስጥ ቦታ ቦታውን ካልያዘ ሴሉ ይላላል፣ መልእክት መቀበልም ያቅተዋል። በዚህች ልጅ ሴሎች ውስጥ ግን ከሚፈለግበት ሳይደርስ መሀል መንገድ ላይ ተከማችቶ ይቀራል። በሽታው ዓይኗን ቀድሞ ያዛት፤ አንገቷን ካልደፋች ወደ ታች ማየት አትችልም። ቀጥሎ እግሯ ከዳት፣ ምላሷም መተሳሰር ጀመረ። ሐኪሙ "በሙከራ ላይ ያለ አንድ መድኃኒት አለ። ሴሎቿ ላይ ከሠራ እንጀምርላታለን፤ ካልሠራ ሌላ የማውቀው የለም" አላቸው።

ከቆዳዋ የተወሰዱት ሴሎች በሁለት የላብራቶሪ ሳህን አደጉ። አንዱ መድኃኒቱን አገኘ፤ ሌላው ለማነጻጸሪያ ምንም አልተሰጠውም። አክስቷ ሁለቱንም አቅልማ፣ አጥባ፣ መድኃኒት ያገኘውን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባች። የተከማቸ ኮሌስትሮል ቢኖር ሰማያዊ ሆኖ ያበራ ነበር። ጨለማ ነው፤ አንድም ነጠብጣብ የለም። ሁለተኛውን እስክታይ እንኳ አላስቻላትም፤ ስልኳን አንስታ "እትዬ፣ ጠፍቷል፤ ጸድቷል" አለች። እህቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ሁለተኛውን አስገባች። እሱም ጨለማ ነው።

ክው አለች። መድኃኒት ያልቀመሰ ሴል ምን አግኝቶ ይጸዳል? ዓይኗ ማጠቢያው ጠርሙስ ላይ አረፈ። ለሌላ ምርመራ ቀለሙ ዘልቆ እንዲገባ ጠብ የምታደርጋት ሳሙና አለች። ኮሌስትሮል ሲፈለግ ግን ያቺ ሳሙና ዝር አትልም፤ ጠራርጋ ታወጣዋለችና። ይህን ለስንት አዲስ ሠራተኛ አስተምራለች። እጇ ግን የሃያ ዓመት ልማዱን አደረገ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በቀሩት ሴሎች ያለ ሳሙና ደገመችው፤ ሁለቱም ሳህኖች እኩል አበሩ። መድኃኒቱ ምንም አልሠራም።

በስልክ የሚነገር አይደለምና እህቷ ቤት ሄደች። እናት ደረጃው ሥር ቆማለች፤ ልጅቷ ከላይ ግድግዳውን ተደግፋለች።

"መጣሽልኝ? ለውጥ አላት እኮ" አለች እህቷ ፊቷ በርቶ። "መድኃኒቱን ሳትጀምር እንኳ። ወሬውን ሰምታ ነው መሰለኝ፣ ጠዋት ብቻዋን ሦስት ደረጃ ወረደች።"

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ፣ እግሯን በዓይኗ እየፈለገች መውረድ ጀመረች።

"እትዬ፣ መድኃኒቱ አይደለም ያጸዳው። እኔ ነኝ፣ በሳሙና አጥቤ ያወጣሁት።"

እህቷ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እሷንስ እንደዚያ ማጠብ አይቻልም?" አለች።

"አይቻልም። ሳሙናው የተከማቸውን ብቻ አይደለም የሚወስደው፤ የሽፋኑንም ይወስዳል። እኔ ያጠብኳቸው ሴሎች እኮ የሞቱ ናቸው፣ እትዬ።"

"አራት" አለች ልጅቷ ከደረጃው ላይ፣ በተሳሰረ ምላሷ።