የሐሙስና የዓርብ ሥራ

አውሮፕላን ላይ የወጣሁት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ። እንጀራዬ ግን አውሮፕላን ነው። የአየር መንገዶችንና የአውሮፕላን አምራቾችን አክሲዮን እከታተላለሁ፤ የትኛው እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚወርድ ጽፌ ገንዘብ ላላቸው ሰዎች እሰጣለሁ። ስሳሳት በነዳጅ ዋጋ አሳብባለሁ። እህቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ፣ «ያልገዛውን ዕቃ ዋጋ ይናገራል» ትላለች።

እህቴ ያሳደገችኝ በስፌት ነው። ለሃያ ስድስት ዓመት በአየር መንገዱ የስፌት ክፍል የመቀመጫ ልብስ ሰፍታለች። እናታችን ስትሞት እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ ዲግሪዬም ከስፌት ማሽኗ ነው የወጣው። እስካሁን የምትጠራኝ «ሊቁ» ብላ ነው፤ ግማሹ ፌዝ፣ ግማሹ ኩራት።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ የሥራ ቤታቸውን ጉድ አጫወተችኝ። አዲሶቹ አውሮፕላኖች ከአምራቹ የሚመጡት መቀመጫቸው ለብሶ ስለሆነ ሥራቸው ቀንሷል። የሳምንቱ ጨርቅ ረቡዕ ላይ ያልቃል። አሥራ አራቱ ሴቶች ታዲያ ማንም እንዳይቀነስ ተማክረው የሦስት ቀኑን ሥራ ለአምስት ቀን ያብቃቁታል። ሐሙስና ዓርብ አለቃ ብቅ ካለ፣ የተሰፋውን ተርትረው መልሰው ይሰፋሉ። «ባለፈው ዓርብ አንዷን የራስ መደገፊያ ሦስት ጊዜ ሰፋኋት» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከልቤ ነበር የሳቅሁት፤ አሁን ይህን ብናገር ማን ያምነኛል?

ማክሰኞ የአየር መንገዱን ሪፖርት ስጽፍ ጽሑፌ ሳሳብኝ። ትርፉ ለምን እንደወረደ ሌላው ተንታኝ ሁሉ የሚለውን ብያለሁ፤ ነዳጅ፣ የምንዛሬ ጣጣ፣ አምራቹ አውሮፕላን ማስረከብ ማዘግየቱ። የራሴ የሆነ፣ ሌላ ሰው የሌለው ነገር አማረኝ። እጄ ቀደመኝ ብል ደስ ባለኝ፣ ግን ውሸት ነው። አስቤበት ነው የጻፍኩት፦ የስፌት ክፍሉ በሳምንት ሁለት ቀን ያለሥራ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ቢዘጋ ይሻላል። ከአርባ ገጽ መሃል ይህችን መስመር ማን ልብ ይላታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ልብ አሏት። በወሩ ክፍሉ ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ፤ አክሲዮኑ በሁለት ቀን ስድስት በመቶ ወጣ። አለቃዬ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ ዓይን ማለት እንዲህ ነው አለኝ። ፈገግ አልኩለት። ያ ፈገግታ ዛሬም ፊቴ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ይህ በተነገረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ እህቴ የስንብት ደብዳቤዋን ይዛ ቤቴ መጣች። ሴቶቹ አቤቱታ እንዲጻፍላቸው ፈልገው «ሊቁ ይጻፍልን» ብለዋል። ደብዳቤው ላይ «በሳምንት ሁለት ቀን ያለሥራ» የሚለው የእኔው መስመር ቃል በቃል ተቀምጧል። እሷን ያንገበገባት ግን ከሥራ መባረሯ አልነበረም።

ምስጢራቸውን ያሾለከችውን እንዳገኟት ነገረችኝ። ባለመቀሷ ናት፤ ጨርቅ የምትቆርጥላቸው፣ ለሃያ ዓመት ከእህቴ ጎን የተቀመጠች ሴት። ልጇ የሥራ አስኪያጁ ሾፌር ስለሆነ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አላናገራትም፤ ምሳዋን ብቻዋን ደረጃው ላይ ነው የምትበላው።

«እያለቀሰች ማለችልኝ» አለች እህቴ። «በመቀስሽ ጨርቁን ትተሽ ምላስሽን ብትቆርጪው ይሻል ነበር አልኳት።»

አቤቱታውን ጀመርኩ። ቃሉ እንዴት እንደሚያምርልኝ! ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። እህቴ እንደ ልጅነቴ ብርቱካን እየላጠች፣ ፍሬውን እየለየች ከወረቀቱ አጠገብ ትደረድርልኛለች። ዝም ብል ማንም አያውቅም። አቤቱታውን እጨርሳለሁ፣ አሥራ አራት ሴቶች ይመርቁኛል፤ አይ፣ አሥራ ሦስት። እስክሪብቶው እዚያ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ እሷ አይደለችም።»

«በምን አወቅህ?»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን እሑድ የነገርሽኝን።»

አልጮኸችም። በጥፊ ብትለኝ በወደድኩ። ልጣጩን አስቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ በቀሚሷ ጠረገች።

«ስትጽፈው ትዝ አልኩህ?»

ትዝ አላልሽኝም ማለት እችል ነበር። «አዎ» አልኩ።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። ብዙ ጠራ፤ በመጨረሻ ባለመቀሷ አነሳችው።

«እኔ ነኝ፣ አትዝጊብኝ» አለች እህቴ። «ያወራሁት እኔ ነኝ። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

ሴትየዋ ስታለቅስ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። እህቴ ስሜን እንድትጠራው ጠበቅሁ፤ እንድትጠራውም ፈለግሁ፣ ቢያንስ የድርሻዬን እንድሸከም። ከዚያ ባለመቀሷ ለማን እንዳወራች ጠየቀቻት።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለማላውቀው ሰው» አለች።