አስር ሲሞላ

«ምን አጥፍታ ነው የምትቀጫት?» አሉ እትዬ ኩብራ ከሜዳው ዳር ቆመው።

የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ሹክሪያ አሸዋ የተሞላ ጀሪካን ደረቷ ላይ አቅፋ ቁጭ ብድግ ትላለች። አሰልጣኟ ገሊላ ደነገጠች። ተማሪ እያለች አርፍዳ በመጣች ቁጥር በቁጭ ብድግ የተቀጣችው ትዝ አላት።

«ኧረ ቅጣት አይደለም፣ እትዬ! አሎሎ ለመወርወር ጉልበቱ የሚመጣው ከእግር ነው። ግንቦት ላይ አዳማ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ስፖርተኞች ይወዳደራሉ፤ እሷም ትሄዳለች።»

«የእኔ ልጅ? ቁጥር እንኳ ሳታውቅ!» ብለው ሳቁ።

ገሊላ ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። ሳቁ ግን አንገበገባት።

«ሹክሪያ፣ እስቲ ቁጠሪላቸው።»

ሹክሪያ ድምጿን ከፍ አድርጋ እየቆጠረች አስር ደረሰች። ጀሪካኑን አስቀመጠችና እስኪጨበጨብላት ቆማ ጠበቀች። አስር ሲሞላ ይጨበጨባል፤ የሁለቱ ደንብ ነው። እዚህ ለመድረስ ሰባት ወር ፈጅቶባቸዋል።

እትዬ ኩብራ ሳቃቸው ጠፋ። «ጀሪካኑ ስንት ኪሎ ይሆናል?»

«ሃያ አምስት!» አለች ገሊላ ኩራቷን መደበቅ አቅቷት። «ስንቱ ወንድ አይችለውም።»

ከዚያ በኋላ ሹክሪያ ለልምምድ አልመጣችም። በሳምንቱ ገሊላ ቤታቸው ስትሄድ እትዬ ኩብራ አቅፈው ሳሟት።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ! ወንድሜ ኢርሻድ በደሳ ከተማ ወሰዳት፤ ጫት ትጭንለታለች። ከተወለደች ጀምሮ ‹እሷ ትምጣልኝ› ያለ ሰው አልነበረም እኮ። ሰው ያደረግሻት አንቺ ነሽ።»

እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ገሊላ ስለ አዳማ ሳታነሳ ተሰናብታ ወጣች።

ቅዳሜ በደሳ ሄደች። ሹክሪያ ከመጋዘን እስከ አይሱዙው የጫት ጆንያ እየተሸከመች ትመላለሳለች። ትቆጥራለች። አስር ስትል እጇን አንጠልጥላ ቆመች፤ ዙሪያዋን አየች።

«ምን ገተራት ይቺን? ቶሎ በይ እንጂ!» ጮኸ ኢርሻድ ከመኪናው ላይ።

ገሊላ ከመንገዱ ማዶ አጨበጨበች። ሹክሪያ ዞር አለችና ፊቷ በራ።

«ቲቸር! አዳማ ዛሬ ነው?»

ገሊላ ወደ ኢርሻድ ቀና አለች። «ለሦስት ቀን ብቻ ቢፈቅዱላት… ግንቦት ላይ ነው፣ ለውድድር።»

«ውድድር? ይኸው ከአህያ ጋር እየተወዳደረች አይደል!» አለ፤ ጫኞቹ ሁሉ ሳቁ። ሹክሪያም አብራ ሳቀች።

«ዛሬ አይደለም፣ ሹኩዬ» አለቻት ገሊላ።

«እሺ» አለችና ጆንያዋን አነሳች። «አንድ።»

ግንቦት ላይ ቡድኑ ያለ አሎሎ ወርዋሪ ወደ አዳማ ሄደ።