ሪባኑ ሳይፈታ

ልብስ ሰፊው ስድስት ስፒል በከንፈሩ ይዞ ከኮሌጁ ዲን እግር ሥር ተንበርክኳል። ዲኑ ዝቅተኛ የእንጨት ሳጥን ላይ ቆመው፣ ነገ መድረክ ላይ የሚለብሱትን ጥቁር ጋውን አጥልቀው፣ በመስታወቱ ራሳቸውን ያያሉ። ካምና ወዲህ ወገባቸው ሰፍቷል፤ ልብስ ሰፊው ይህን ከሚስታቸው ቀድሞ ሳያውቅ አይቀርም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሆዱ ይስቅ ነበር። ዛሬ ሆዱ ለሳቅ የሚሆን ቦታ አልነበረውም።

ከስፌት መኪናው በላይ ያለው ሚስማር ባዶውን ቀርቷል።

እዚያ ሚስማር ላይ ከተሰቀለ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነገር ነበር፤ በቀይ ሪባን የታሰረ፣ የተጠቀለለ ነጭ ወረቀት። ልጁ አምና በመድኃኒት ትምህርት ተመርቃ፣ አባቷ በሰፋው ጋውን መድረክ ላይ ወጥታ፣ ከዲኑ እጅ የተቀበለችው ነው። ልብስ ሰፊው እንደ እንቁላል ታቅፎ ቤት አመጣው። ሪባኑን ግን ማንም እንዲነካው አልፈቀደም። እሱ ራሱ ተኩሶና አጥፎ ያሰረውን ልብስ ሰው ገና ከደጅ ሳይወጣ ሲበጣጥሰው ያመዋል፤ አሳምሮ የታሰረ ነገር ያለ ጉዳይ አይፈታም ባይ ነው። እንግዳ «እስቲ እንየው» ሲለው፣ «ከዚያው ሆነህ እየው» ይላል። ባለሱቋ ጎረቤቱማ ሰውየው ያስመረቀው ልጁን ሳይሆን ሪባኑን ነው እያለች ሰፈሩን አስቃለች።

ልጅቱ አትስቅም ነበር። ሥራ ፍለጋ እየወጣች ትመለሳለች፤ ስትመለስ ሁለተኛው መኪና ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። አባት ሥራ ጠፍቶ መስሎት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደወለላት። እጇ ሥራ ይዞ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ አባትም አብሮ ሰማ። ከሆስፒታል ነው። ፈተናውን አልፋለች፤ የዲግሪዋን ኦርጅናል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካመጣች ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፤ ካላመጣች ተጠባባቂ አለ። ልብስ ሰፊው ስልኩ እስኪዘጋ አልጠበቀም። ወንበር ላይ ወጣ፤ ጥቅሉን አወረደ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። መቀስ ሳያስጠጋ ቋጠሮውን በጥፍሩ ፈታው።

ወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል የለችም። ማኅተም እንኳ የለም። ገለበጠው። የጨርቅ እንከን እንደሚፈልግ ሰው ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ዋናውን የሚሰጡት የትምህርት ብድሩ ሲከፈል ነው፣ አባዬ» አለች ልጁ፤ ዓይኗን ከቁልፉ ሳታነሣ። «ላልከፈልነው ሁሉ ለመድረክ የሚሆን ባዶ ነው የሰጡን።»

ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት።

«ሰቅለኸው ነበራ።»

በብድሩ ላይ ዋስ ሆኖ የፈረመው እሱ ነው። ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ እየተቆረጠ ይከፈላል ብለው አንብበውለታል። ሥራ የሚያሲዛት ወረቀት ደግሞ ብድሩ ካልተከፈለ ከመሳቢያ አይወጣም። ልብስ ሰፊው ብዙ አልተማረም፤ ግን አንገት ማስገቢያው ተሰፍቶ የተዘጋ ልብስ ሲያይ ያውቀዋል። እንዲህ ዓይነቱን ልብስ እሱ ሰፍቶት ቢሆን ኖሮ ደንበኛው ፊቱ ላይ በወረወረለት ነበር።

እንግዲህ ዲኑ ለልክ የመጡት በዚህ ቀን ነው።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ የጋውኑ ጠርዝ ላይ ሰካቸው። አፉ ሲለቀቅ ተናገረ።

«ጌታዬ፣ አምና ለልጄ በእጅዎ የሰጧት ወረቀት ምንም አልተጻፈበትም።»

ዲኑ ከመስታወቱ ዘወር አላሉም። የእሷ ብቻ እንዳልሆነ፣ ደንብ እንደሆነ፣ ብዙዎች እንዲያ እንደሚወስዱ በለዘብታ አስረዱት።

«ወላጅ በሰው ፊት እንዳያፍር ብለን እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

ልብስ ሰፊው የያዘውን ጠርዝ ለቀቀ። ለእሱ አስበውለት ኖሯል! ዓመት ሙሉ እንግዳ እያቆመ ባዶ ወረቀት ያስጎበኘው እንዳያፍር ነው። ድምፁን ዋጥ አድርጎ ሌላ ነገር ለመነ፤ ዲግሪው ይቅር፣ ልጅቱ ትምህርቷን ጨርሳለች የምትል አንዲት መስመር ለሆስፒታሉ ይጻፉላት። ሆስፒታሉ ከኮሌጁ ጀርባ ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዲኑ ለአንዷ ከጻፉ ሁሉም እንደሚመጣ ነገሩት። ከዚያ ጎናቸውን ዳሰሱ።

«ይልቅ ወገቡን ሰፋ አድርግልኝ።»

የልጅቱ የስፌት መኪና ቀጥ አለ። የዲኑ ባት ከልብስ ሰፊው አፍንጫ አንድ ስንዝር ላይ ነው፤ በእጁ ስፒል አለ። እጁ ምን እንዳማረው እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ወገቡን ለካ፤ በጠመኔ ምልክት አደረገ፤ አወለቀላቸው። ሾፌራቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተማሪዎቹ ጋውን ጋር እንዲወስደው ተስማሙ።

ከሄዱ በኋላ የተማሪዎቹን ስልሳ ሦስት ጋውን ራሱ ተኩሶ አጠፈ። ልጅቱ በጎን ታየዋለች። አባቷን ታውቀዋለችና ጋውኖቹን ሊያግት ነው ብላ ፈርታ ጠየቀችው።

«ልጆቹ ምን አደረጉኝ?» አላት።

ግን እያጠፈ ይቆጥር ነበር፤ ከነዚህ ስንቱ ነገ ማታ ባዶ ወረቀት ታቅፎ ይገባል? የስንቱስ አባት ሚስማር ይመታል? ካውያውን ጨርቁ ላይ ሲያሳርፍ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሾፌሩ በሰዓቱ መጣ። የተማሪዎቹን ጥቅሎች ጭኖ ሲጨርስ ልብስ ሰፊው ለዲኑ የተዘጋጀውን የካርቶን ሳጥን በሁለት እጁ አስረከበው፤ በቀይ ሪባን ታስሯል፤ ቋጠሮው ያምራል። ሾፌሩ እንኳ አድንቆት ሄደ።

ልጅቱ በሩን ልትዘጋ ስትል የዲኑን ጋውን አየችው። ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ስፒሎቹ ከነቦታቸው አሉ።

«አባዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ ምን ከተትክ?»

«ለመድረክ የሚሆን።»

ጠረጴዛውን አየች። ነጩ ወረቀት የለም። ባለችበት ቁጭ አለች።

«አሁን ጭራሽ አይሰጡኝም።»

«እስከዛሬ ሰጥተውሻል?»

ሰዓቱን አየች። እሱም ተቀመጠ፤ ሥራ ግን አልያዘም። የግድግዳው ሰዓት ለአሥር ሩብ ጉዳይ አለ። አሥር አለ። አሥር ከሩብ ላይ የአባትየው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

ሁለቱም የዲኑን ቁጥር አዩት። ልብስ ሰፊው እጁን ሰደደ፤ መልሶ ሰበሰበው። ጠዋት የዋጠው ሁሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ አንዴ አፉን ከከፈተ እንደማይዘጋው አወቀ። ተነሣ፤ ጋውኑን ከበሩ ጀርባ አወረደ፤ ስፒሎቹን እየነቀለ አንድ በአንድ ከንፈሩ መሐል ደረደራቸው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። ልጅቱ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ አነሣችው።

«አባቴ አፉ ውስጥ ስፒል አለ፣ ጌታዬ» አለች። «እኔን ያነጋግሩኝ።»