በዜሮ በኩል

ሰቆጣ ውስጥ ባሕርተኛ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደግሰው። በወጣትነቱ ሦስት ዓመት ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጀልባዎችን ኤሌክትሪክ ሲጠግን ቆይቶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ይዞት የገባው ሀብት አንድ ፒንሳ፣ አንድ ቴስተርና ይህ ቅጽል ስም ነበር። ውሃው ከጀሪካን ወጥቶ በማያውቅ ከተማ ባሕርተኛ መባል ቀላል ነገር አይደለም። ሰዉ ሲቀልድበት እሱም አብሮ ሲስቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው።

ይታየሽ ሱቁ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ጠጋኞች ጋ ሄዳ፣ አንደኛው ሻይ አፍዪልን አላት፣ ሁለተኛው ደግሞ ምንም ሳይላት ስቆ መለሳት። ደግሰው ግን ካቻቪቴ አቀበላትና «ይህን ሬዲዮ ፍቺው፤ ስትገጥሚው ብሎን ከተረፈሽ እንደገና ትፈቺዋለሽ» አላት። ሦስት ብሎን ተረፋት። እንደገና ፈታችው። እንዲህ እንዲህ እያለች ሰባት ዓመት ሞላት፤ አባቷን በልጅነቷ ያጣች ነችና እሱን «ጋሼ» ስትል ከአፏ ሳይሆን ከሆዷ ነበር።

መብራት ከአውራጃው ሁሉ በጠፋበት በዚያ ክፉ ዘመን የከተማውን ስልክ የሞሉት እነሱ ናቸው፣ በሁለት የጭነት መኪና ባትሪና በአንድ የፀሐይ ሰሌዳ። መብራቱ ተመልሶ ሄድ መጣ ማለት ሲጀምር ደግሞ ሥራቸው ከመብራት ወደ ጀኔሬተር የሚያሻግር መለወጫ መግጠም ሆነ። ደግሰው በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። «መብራትና ጀኔሬተር ጣውንቶች ናቸው» ይላል፤ «አንድ ቤት ካገናኘሻቸው ቤቱ ይነዳል። መጀመሪያ ዜሮ ላይ አምጪው፣ አጥፊው፣ ከዚያ አሻግሪው።» ይታየሽ ይህን እንደ አባታችን ሆይ በቃሏ ይዛዋለች። እጇ ራሱ ሳታዘው በዜሮ በኩል ይሄዳል።

አንድ ቅዳሜ ሰላሕ መጣ። ሰላሕ በሰቆጣ ገበያ ጨርቅና ስኳር ከሚነግዱት ቤተሰብ ነው፤ ጨርቁን ለእህቱ ለዓሲያ ትቶ እሱ በቅርቡ የዓሣ ፍቅር ይዞት ነበር። የተከዜ ግድብ በፈጠረው ሐይቅ ላይ፣ በዝቋላ ወረዳ በኩል፣ ዓሣና ሰው የምታመላልስ አሮጌ ጀልባ ከጣና ገዝቶ በጭነት መኪና አስመጥቷል። ሞተርም ሸራም አላት። ነገር ግን በጉዞው ሽቦዎቿ ተበጣጥሰው ባትሪዋ ከማቀዝቀዣዋ፣ ማቀዝቀዣዋ ከሞተሯ ተኳርፈዋል።

«ጋሽ ደግሰው፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ያውቀዋል?» አለ።

«ጉልበቴ ቆላ አያወርደኝም» አለ ደግሰው። «እሷ ትሂድ። እሷ ማለት እኔ ማለት ናት።»

ሰላሕ ይታየሽን ከላይ እስከ ታች አያት። «እንግዲያው ልንገርሽ» አለ። «ከውሃው በላይ፣ ጽጽቃ ከተማ፣ ለወርክሾፕ የሚሆን ቤት ይዣለሁ። ሁለት ጀልባ ሊጨመር ነው፣ የገጠሩ የፀሐይ መብራትም አለ። ይህችን ጀልባ በሰው ፊት ካስነሳሽልኝ ወርክሾፑን የምታስተዳድሪው አንቺ ነሽ። ካቃተሽ ግን ዓሣ አጥማጆቹ ሴት አመጣህብን ብለው መሳቂያ ያደርጉኛል፤ ሁለተኛ ስምሽን አላነሣም።»

የራሷ ጠረጴዛ! ይታየሽ ወደ ደግሰው ዞረች። እሱም ቆሞ ግንባሯን ሳማትና «እጅሽ ይባረክ» አላት። ማክሰኞ ማለዳ ሚኒባሱ ድረስ መሣሪያዋን ተሸክሞ የሸኛት እሱ ነው።

ከጽጽቃ ወደ ውሃው ሲወረድ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። ጀልባዋን የሚነዳት ባንተአምላክ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር በኽምጣኛ፣ ከእሷ ጋር ደግሞ በራስ ነቀነቃ ይነጋገራል። ሁለት ቀን ሽቦ ስትጎትት ዋለች። ነገሩ ሲገባት ቆንጆ ነበር። ሁለት ባትሪ አለ፤ አንዱ ሞተር ማስነሻ፣ ሌላው ለመብራቱና ለዓሣ ማቀዝቀዣው። ኢንቨርተሩ ደግሞ ሁለት ሥራ ያለው ሳጥን ነው፤ ውሃ ላይ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ለውጦ ማቀዝቀዣውን ያስነሳል፣ ዳር ላይ ጀኔሬተር ሲሰኩበት ግን ዞሮ ባትሪ ይሞላል። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ ዲናሞው ራሱ ባትሪ ይሞላል። የትኛውን? ይህን የሚወስነው አንድ ቀይ ክብ ማዞሪያ ነው። በግራው አንድ፣ በቀኙ ሁለት ተጽፎበታል። ከታች ሁሉንም የሚያቋርጥ ዜሮ አለ። ከላይ ደግሞ ሁለቱን ባትሪዎች አንድ ላይ የሚያገናኝ ቦታ አለ።

ይታየሽን የያዛት ይህ ነበር። ከአንድ ወደ ሁለት የሚያደርስ መንገድ ሁለት ነው፣ በላይ ወይም በታች። በላይ ካለፈች ሁለቱ ባትሪዎች ይገናኛሉ፤ ጣውንቶቹ ትዝ አሏት። ግን ባሕር ላይ ሕጉ ሌላ ቢሆንስ? ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥታ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሞተሩ እየሠራ ከአንድ ወደ ሁለት ሳሻግር በየት በኩል ላዙረው? በላይ ነው በታች?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሀሎ» አለች።

«አለሁ» አለ። «ልክ እንደ ከተማው ነው ልጄ። በዜሮ አሳልፊው።»

ሐሙስ ጠዋት ዳሩ በሰው ተሞላ። ሰላሕ ከሰቆጣ መጥቷል፣ ዓሣ አጥማጆቹ የሁለት ቀን ዓሣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ሞልተዋል። ባንተአምላክ ሞተሩን ሲያስነሳ መብራቱ በራ፣ ማቀዝቀዣው አጉረመረመ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ይታየሽ ያን ጠዋት የሳቀችውን ያህል በሕይወቷ ስቃ አታውቅም።

«ሁለተኛውም ይሙላ እንጂ!» አለ ሰላሕ።

ማዞሪያውን ይዛ ወደ ታች፣ በዜሮ በኩል አሻገረችው። ዜሮ ላይ የቆየችው ዓይን እስኪርገበገብ ነው። ከሞተሩ ሥር ጧ አለ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ወጣ፤ ሳጥኑ ጮኸና ጠፋ፣ ማቀዝቀዣው ዝም አለ። ቴስተሯን ስታስጠጋ ዲናሞው ሞቷል። ከዳር አንዱ «ሴትዮዋ አጠበሰችው!» ሲል የቀሩት ሳቁ። ሰላሕ ግን አልሳቀም። «ጋሽ ደግሰውን ጥሩልኝ» ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

በዚያ ቀን ሙሉ ይታየሽ የረገመችው ራሷን ነው። የቱን ሽቦ አላላሁት? የቱን ብሎን ረሳሁት? ሰባት ዓመት የተማረች ሴት ጥፋቱን ከእጇ ላይ ስትፈልግ ዋለች። አስተማሪዋን መጠርጠር ቤተ ክርስቲያን ላይ ድንጋይ እንደመወርወር ሆኖባት ነበር።

አርብ እኩለ ቀን ላይ ደግሰው ደረሰ። ቆላ የማያወርደው ጉልበት ቁልቁለቱን እንደ ፍየል አወረደው። ለዓሣው አልደረሰም፤ ገምቶ ተደፍቷል። ለሰላሕ ግን ደረሰለት። ዲናሞውን አስፈትቶ እንኳ ሳይመለከት ከቦርሳው ትንሽ ካርቶን አወጣ፤ ውስጡ አዲስ ዳዮድ አለ፣ ዲናሞ ሲቃጠል መጀመሪያ የሚሞተው ክፍል። ሰቆጣን ብታገላብጧት የማታገኙት ዕቃ ነው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ከየት አመጡት?» አለ ሰላሕ። ደግሰው ፈገግ ብሎ «ባሕርተኛ አይደለሁ?» አለ።

ከዚያ አጎነበሰ። ዳዮዱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ፣ እንደገና አስጠጋ። «ያዢልኝ እስቲ» አላት በለሆሳስ። ያዘችለት፤ ኋላም ሙሉውን እሷው በይዳ ገጠመችው። እሱ ከጎኗ ቆሞ ለተሰበሰበው ሰው ያስረዳል።

«ልብ በሉ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሞተር እየሠራ ይህ ማዞሪያ በዜሮ አይታለፍም። ዲናሞው የሚያመነጨውን የሚቀበለው ባትሪ ሲያጣ ራሱን ያቃጥላል። በላይ በኩል ነው የሚታለፈው። ባትሪና ባትሪ ለዚያች ቅጽበት ቢገናኙ ግድ የለም። ልጅ ናት፣ አይፈረድባትም።»

ካቻቪቴው በይታየሽ እጅ ላይ ቀረ። በመጀመሪያ ያሰበችው ስልኩን ነው፤ ጥያቄዬን አልሰማ ይሆናል፣ ነፋስ ነበር አለች። ሰው የሚወደውን ለማዳን የማይፈጥረው ሰበብ የለም። ግን «በላይ ነው በታች?» ብላ ነበር የጠየቀችው። እሱም «በዜሮ» ብሎ ነበር የመለሰው። ካርቶኑን ከመሬት አነሣችው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ «ከደሴ፣ ለደግሰው፣ ሰቆጣ» ይላል፣ ከሥሩም የተላከበት ቀን።

«ጋሼ» አለች። «ይህ ዕቃ ከደሴ የወጣው ሰኞ ነው።»

«አዎ፣ ለጥንቃቄ ብዬ ነው።»

«ዲናሞው የተቃጠለው ሐሙስ ነው። ለጥንቃቄ ከነበረ ማክሰኞ ሲሸኙኝ ለምን አልነገሩኝም?»

ሰላሕ ካርቶኑን ከእጇ ተቀብሎ አነበበው። ደግሰው የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ቁጭ ሲል ድንገት ያረጀ መሰለ።

«ዓይኔን አየሽው» አላት። «ቀዩን ሽቦ ከጥቁሩ መለየት ካቃተኝ ሁለት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ያየሁት በአንቺ ዓይን ነው። አንቺ እዚህ ከቀረሽ እኔ ሱቅ ከፍቼ በማን ዓይን አያለሁ? ትንሽ ደንግጠሽ ትመለሻለሽ ብዬ ነው እንጂ ላጎድፍሽ አልነበረም። እጅሽ በዜሮ እንደሚያልፍ ስለማውቅ መጠገኛውን አስቀድሜ አዘዝኩ። ሰው አልሞተ፣ ይታየሽ።»

«ቢነግሩኝ እቀር ነበር» አለች። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። «‹ዓይኔ ደክሟል፣ አትሂጂብኝ› ቢሉኝ የሰላሕ ወርክሾፕ ቀርቶ ቤተ መንግሥት ቢሰጠኝ እቀር ነበር። እኔኮ ልጅዎ ነበርኩ። በሰው ፊት አስቃጠሉኝ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፤ ፈረሱ ደግሞ ይቅርታ መጠየቂያ ቋንቋ የለውም። ባንተአምላክ፣ ያ ዝምተኛው፣ የደግሰውን ክንድ ይዞ ወደ ሚኒባሱ መራው። እሷ አልሸኘችውም።

ያን ቀን ጀልባዋን በሰው ፊት መልሳ ያስነሳችው እሷ ነችና ሰላሕ ቃሉን ጠበቀ። በሳምንቱ የጽጽቃውን ቤት ቁልፍ አስረከባት፤ የሳቁት ዓሣ አጥማጆችም ባትሪያቸውን ይዘው ደጇ ተሰለፉ። የፈለገችው ሁሉ በእጇ ገባ። ያስቸገራት እጇ ራሱ ነበር። ሽቦ በነካች ቁጥር ይቆምባታል። ይህንንስ በትክክል ነግሮኝ ይሆን? ይህስ? እውቀቷ ሁሉ ከአንድ አፍ የወጣ ነውና፣ ያ አፍ ከዋሸ በእጇ ላይ የሚታመን ምን ቀረ?

ስለዚህ ሦስት ቀን በሯን ዘግታ ከሀሁ ጀመረች። እሱ ያላትን ሁሉ የጻፈችበትን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ገልጣ አንድ በአንድ ፈተነች፤ ቀይና ጥቁሩን፣ የፊውዙን ልክ፣ የባትሪውን ውሃ፣ የሽቦውን ውፍረት፣ የመሬት ሽቦውን። እውነቱን ለመናገር ውሸት እየፈለገች ነበር። አንድ ሌላ ውሸት ብታገኝ፣ ድሮም አታላይ ነበር ብላ ትገላገላለች። በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰች፤ ቴስተሩን አስጠጋች፣ መርፌው እሱ ይቆማል ባላት ቦታ ቆመ።

ሁሉም ትክክል ነበር። ይታየሽ ግንባሯን ጠረጴዛዋ ላይ ደፍታ ያን ቀን ከጀልባው አጠገብ ካለቀሰችው የባሰ አለቀሰች። በሰባት ዓመት ውስጥ ከዚያች አንዲት ረቡዕ በቀር ዋሽቷት አያውቅም።