ዘጠነኛው ሳጥን

«ጋሼ፣ ማለቴ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለች ልዩ፣ ከወንበሩ አጠገብ በርከክ ብላ በሹክሹክታ። «ግን ቅዳሜ ሳጥን የሚታደልበት ቀን ነው።»

ገብረመድኅን ቀና ብሎ አያት። ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ያለችው ጠባብ አፓርታማው ከእድር በመጡ ተጣጣፊ ወንበሮች ተሞልታለች። ሚስቱን አባይነሽን የቀበረው ትናንት ረቡዕ ነው። ከዚያ ወዲህ የነገሩት ነገር ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለው ነበር።

አባይነሽ የኮሚኒቲውን ምግብ ማደያ አሥራ አንድ ዓመት መርታለች። መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው ሳጥን በየወሩ እዚያ ይመጣል፤ ባቄላው፣ ፓስታው፣ ወተቱ፣ የቆርቆሮ ፍራፍሬው። ራሱ መጥቶ መውሰድ የማይችል ሰው ፎርም ሞልቶ ወኪል ይልካል። ልዩ እዚሁ ዳላስ የተወለደች፣ ከአባይነሽ ጋር የምትሠራ ልጅ ናት።

«ዘጠኝ ሰዎች የወከሉት እሷን ነበር» አለችው። «እስከ ቅዳሜ አዲስ ወኪል ካልፈረሙ ከሊስቱ ይወጣሉ። ተራ የሚጠበቅበት ዌይት ሊስቱ ደግሞ በጣም ረጅም ነው።»

«ደውዪላቸዋ!»

«ፎርሞቹ ላይ የተጻፈው ስልክ ሁሉም የእሷ ነው። የሁለቱን ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። ‹ተሳስተሻል ልጄ፣ እኛ አይደለንም› ብለው ዘጉብኝ።»

«እነማን ናቸው?»

«መናገር አልችልም ጋሼ፣ ኮንፊደንሻል ነው።» ከዚያ ፊቷን ሳታዞር ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። «ግን ብዙዎቹ አሁን እዚሁ ተቀምጠዋል።»

ገብረመድኅን ሳሎኑን አየው። አንዱ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሷል። ሌላዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አንገቷን ደፍታለች። ባዶ እጁን የመጣ የለም፤ ወጥ በትሪ፣ ዳቦ፣ ውኃ በካርቶን። ኩሽናው በእዝን ተጨናንቆ መራመጃ የለውም። ታዲያ ከእነዚህ መሀል የራሱ ፍሪጅ ባዶ ሆኖ የሰው ቤት የሚሞላው የቱ ነው? የእኛ ሰው እንደሆነ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው፤ ውስጡን ለቄስ። ሚስቱ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አንድ ምስጢር ነበራት፤ እሱ ግን አርባ ዓመት አብሯት ኖሮ ደጅ ነበር የቆመው።

የኤርፖርት ሹፌርነት ዘመን ጓደኛው መንገሻ ከቴርሞሱ ቡና ቀድቶ በወረቀት ኩባያ አቀበለው።

«እህል ቅመስ እንጂ ገብሬ። በባዶ ሆድ ለቅሶም አይወጣ።»

«አንተስ በላህ?»

«እኔ? እኔ ደግሞ ምን ጎድሎብኝ!» አለ መንገሻ፤ ከት ብሎ ሊስቅ ቃጥቶት ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ተወው።

በየወሩ አንድ ቅዳሜ ይጣሉ ነበር። ማደያው በስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ አባይነሽ ግን ሳጥን የሚታደል ቀን አሥር ሰዓት ሳይሆን አትመጣም። ምሳውን ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን ሳህን ያጥባል፣ ብቻውን ይነጫነጫል። ባለፈው ወር ጭራሽ ከበር ጠበቃት።

«ከእኔ ምሳ የሚበልጥብሽ ማነው?»

«የሚያፍር ሰው ነው ገብሬ» አለችው ጫማዋን እያወለቀች። «የተራበ ሰውማ ሰልፍ ይወጣል። የሚያፍር ነው የሚያሳዝነኝ፤ ቤቱ ተቀምጦ ያልቃል።»

«ካፈረ ለምን ይቀበላል? እኔ በበኩሌ ብሞት የመንግሥት እህል አልቀምስም! ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ያዞርኩት ለዚህ አይደለም።»

አባይነሽ ሳቀች። ሳቋ አናደደውና ማታውን ሳያናግራት ተኛ። አሁን ያ ማታ ይቆጨዋል፤ አንድ ማታ ተመልሶ ቢሰጠው የሚመርጠው ያንን ነበር።

ዓርብ ጠዋት ገብረመድኅን ተነሥቶ ለልዩ ደወለ። «ባዶ ፎርም ይዘሽልኝ ነይ፤ በዛ አድርገሽ» አላት።

በለቅሶ ቤት ሰው ብቻውን አይተውም፤ ወጉ ነው። ከሳሎን ተነሥቶ መኝታ ቤት ቢገባ እንኳ «ተከተሉት» ይባላል። ማንም ሰው ብቻውን ሆኖ በር የሚዘጋበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ገብረመድኅን በእያንዳንዱ ፎርም የወኪል ቦታ ላይ የራሱን ስም ጻፈ። ፎርሞቹን ከእስክሪብቶ ጋር መታጠቢያ ቤት ወስዶ ከመስተዋቱ ሥር አስቀመጠ፤ አጠገባቸውም አንዲት ብጣሽ ወረቀት አኖረ፦ «አባይነሽ ትመጣ እንደነበረው እመጣለሁ። ለማንም አልናገርም። የፈረመ ከፎጣው ሥር ያድርገው። ገብረመድኅን።»

የዚያን ቀን ለቅሶ ደራሹን ምን እንደነካው እንጃ፤ ሆዱን የታመመ ይመስል መታጠቢያ ቤት ተመላለሰ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት እትዬ ወሰንየለሽ ገብተው የውኃ ሽታ ሆነው ቀሩ። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው ባለ ከረባት እግር ሲቀያይር ቆየና «ደህና ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ወጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ማንንም ሳያዩ ቦታቸው ተመለሱ። ገብረመድኅን ኮርኒሱን እያየ ያላየ መሰለ።

አመሻሽ ላይ የመጨረሻዎቹ እንግዶች «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብለው ሲወጡ ፎጣውን አነሣ። ስምንት ፎርም። ከላይ ያለው ጽሕፈት የመንገሻ ነበር። ገብረመድኅን ቶሎ ገለበጠው። ሁለት ካርቶን ውኃ ተሸክሞ የመጣው መንገሻ!

ልዩ ወንበር እያጠፈች ነበር። ፎርሞቹን ሰጣት።

«ስምንት ናቸው። አንዱ አልመጣ ይሆናል። ነገ ጠዋት ፎርሙን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ባኖርለት...»

«መጥቷል» አለች።

«እና ለምን አልፈረመም?»

ልዩ ወንበሩን ግድግዳ አስደገፈች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። «የሌላ ሰው ፎርም ላሳይዎት አልችልም ጋሼ። የራስዎን ግን ማየት መብትዎ ነው።»

ወረቀቱ ላይ ስሙ በአባይነሽ ድብልብል ጽሕፈት ተጽፏል። ከታች የተፈረመው የገዛ ፊርማው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ከሥራ በወጣ ሰሞን፣ ሜዲኬር የሚባለውን የአረጋውያን የሕክምና መድን ወረቀት ስታስፈርመው «እዚህም ጋ፣ እዚህም ጋ» ብላው ነበር፤ መነጽሩን እንኳ አላደረገም። በወኪል ቦታ የእሷ ስም አለ።

ያ ባቄላ። ሳህን ሳህን የሚጨርሰው ኮክ፣ ሁልጊዜ ከቆርቆሮው በጎድጓዳ ሳህን ተገልብጦ የሚቀርብለት፣ «ከየት ገዛሽው?» ሲላት «ቅናሽ አግኝቼ» የምትለው። ሦስት ዓመት ሙሉ እየበላ ነበር አልበላም የሚለው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምላኝ ነው። ‹ገብሬ ካወቀ ይራባል› አለችኝ።»

መጀመሪያ የተናደደ መሰለው። ከዚያ ግን ልዩ ያስደገፈችውን ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። ከቀብር ወዲህ ሰው ሲያለቅስ ነበር ያለቀሰው፤ አሁን ለብቻው አለቀሰ። አባይነሽን «አንቺ ተንኮለኛ፣ ደረስኩብሽ» ሊላት ፈለገ፤ ይህን የሚላት ሰው የለችም።

«ሶ... የእሷን ስም ሰርዘው ሌላ ሰው ይጻፉ» አለች ልዩ በመጨረሻ። «እኔ እንዳልሆን ተቀጣሪ አይፈቀድለትም፤ እሷ በነጻ ነበር የምትሠራው።»

ገብረመድኅን በታጠፉት ወንበሮች መሀል ዓይኑን አንከራተተ። ማንን ይጻፍ? የሚያውቃቸው ሁሉ ፎጣው ሥር ነበሩ።

«ሰው የሌለውስ?»

«ራሱ ይመጣል። ይሰለፋል።»

እስክሪብቶውን ተቀበላት። ጫፉን ከአባይነሽ ስም መጀመሪያ ላይ አሳረፈው፤ እጁ ግን አልሄድ አለ።

«ካልተሰረዘ አይሆንም ጋሼ» አለች ልዩ። ቀጥላ ፊቱን አየችና «ኦኬ፣ ይተዉት» አለች።

ገብረመድኅን መነጽሩን አደረገ። ከስሟ ሥር በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ ፊደሎቹ ወደ ላይ ወጥተው ስሟን እንዳይነኩ እየተጠነቀቀ፣ «እኔው እሰለፋለሁ» ብሎ ጻፈ።