መካከለኛው ድንጋይ

የከተማው ሹሞች ደባርቅ አደባባይ ላይ የዋልያ ሐውልት እንዳቆምላቸው ነበር የፈለጉት። አሻፈረኝ አልኩ። ዋልያማ በየሆቴሉ ግድግዳ ሞልቷል! በድሮ ገዳማት ደጅ የሚሰቀለውን፣ ሲመቱት የሚጮኸውን የድንጋይ ደወል አሰብኩና ሦስት ረጃጅም ድንጋዮች ጠርቤ በብረት ላይ አንጠለጠልኩ። ከየድንጋዩ አጠገብ የእንጨት መዶሻ ሰቀልኩ። መልክ የላቸውም፣ ድምፅ ግን አላቸው። ሰዉ «አንተ አገኘሁ፣ ዋልያው የታለ? ቀንዱስ እንኳ?» እያለ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። መካከለኛውን ድንጋይ በስቼ የወንድሜን የምሥጋናውን ማተብ ከተትኩበትና በሲሚንቶ ደፈንኩት። ማተቡን በሄደበት አብሮት የነበረ ሰው ዳባት መናኸሪያ ላይ አስጨብጦኝ፣ «እኔው ነኝ የቀበርኩት» ብሎኝ መኪናው ላይ ወጣ። ይኸው ዓመት ሆነው። በእኛ አገር ልጅ ለእናቱ ብቻውን መርዶ አይነግርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ይዞ፣ ማለዳ ነው። ዘመድ መሰብሰብ የእኔ ፈንታ ነበር። ፈራሁ።

በምርቃቱ ቀን የንስሐ አባታችን አባ ሃብተ ጊዮርጊስ መዶሻውን አንሥተው መቱ። የመጀመሪያው ጮኸ። ሦስተኛውም ጮኸ። መካከለኛው ዱፍ ብሎ ቀረ።

«የደወል ድንጋይ አይበሳም፣ ልጄ» አሉኝ። «ምን አጎረስኸው?»

እናቴ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ሳቅ ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ነፋሱ መዶሻዎቹን ያላጋቸዋል። አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ዝም ይላል፣ አንዱ ይጮኻል። ያቺ ዝምታ ቤቴ ድረስ ትከተለኛለች። በመካከሏ ምሥጋናው ጉሮሮውን ሲጠራርግ እሰማለሁ፤ ሊናገር ሲል እንደዚያ ያደርግ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ መሮዬን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ አደባባዩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ክፈተው» አለችኝ።

«ምኑን፣ እማ?»

«ስለ ወንድምህ ወሬ አለ ወይ ብዬ በጠየቅሁህ ቁጥር ድምፅህ እንደዚህ ድንጋይ ነው። አባ ሲመቱት አንተን ሰማሁህ። ክፈተው፣ ልጄ።»

መሮውን ተቀብዬ ሲሚንቶውን ፈለፈልኩት። ማተቡ ወጣ። ቋጠሮውን በጣቷ ዳሰሰች፤ የቋጠረችው ራሷ ናት። አላለቀሰችም። አንገቷ ላይ አሰረችውና ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«አሁን ምታው። ሰው ጥራልኝ።»

«አባ ይምጡ፣ ዘመድ ይሰብሰብ፣ እማ...»

«የደበቅኸው አንተ ነህ፤ የምትጠራውም አንተ ነህ።»

መታሁት። ድንጋዩ ጮኸ፤ ከሁለቱም ይልቅ ጮኸ። ባለሱቆቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ ከባጃጅም ሰው ወረደ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

በዓመቱ የወንድሜን ስም ጠራሁ።